የስኮትላንዱ ሽፍታ የሮም እንደራሴ

በሮም ከተማ፣ በቶር ፒኛታራና በሐዲዱ ዳርቻ ለምትኖሩ፣ ሳህን ለምታጥቡ፣ የሰው ልጅ ለምታሳድጉ፣ የሰው ውሻ ለምታንሸራሽሩ ሁሉ! ፔርሜሶ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁም፣ ጊዜው አልፎ የተቃጠለባችሁም፣ ጭራሹን አይታችሁት የማታውቁም ጆሯችሁን ስጡ! ክቡር አቶ ማንደፍሮ ጎበና፣ በቲቡርቲና ጣቢያ አጠገብ ያለው የምግብ ቤት፣ የትራቶሪያው፣ ሁለተኛ ሳህን አጣቢ፣ የስኮትላንዱ ሽፍታ የዊሊያም ዋላስ ባለሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆነው ተሹመዋል። ሿሚው ማን እንደሆነ አትጠይቁ፤ ራሳቸው ናቸው። ተቃውሞ ያለው እስከ መጪው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ያቅርብ። ቢያቀርብም አፉን የሚያስከፍተው የለም። ማንደፍሮ ሲናገሩ ማን ደፍሮ!

ስደተኛ በተጠራቀመበት አገር ሁሉ የሌላ አገር ጀግና አዝሎ የሚዞር አንድ ሰው አይጠፋም። ታውቁታላችሁ። አንዱ የአልባኒያን የስንዴ ምርት ከአልባኒያ ገበሬ አብልጦ ያውቃል። ሌላው ስለ ቬትናም ዋሻዎች ሲያወራ፣ ጣሪያው ከፍ ባለበት ቤት ጎንበስ ይላል። እነሱስ ይሁን። የሚያወሩለት ሰው ድርጅት አለው፣ ፕሮግራም አለው፣ ምንም ቢቸግር አንዲት በራሪ ወረቀት አያጣም። የአቶ ማንደፍሮ ሰው ግን ከተገደለ ሰባት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው! ድርጅት የለው፣ የመደብ ትንተና የለው፣ ማዕከላዊ ኮሚቴ የለው። ያለው አንድ ረጅም ሰይፍና አንድ ማንደፍሮ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ለማን ሆነና!

ዙፋንን የሚያሳርራት ይኸው ነበር። ዙፋን የጋይንት ልጅ ናት። ተማሪ ሳለች በራሪ ወረቀት በቀሚሷ ሥር ሸጉጣ ደብረ ታቦርን ከዳር እስከ ዳር ያዳረሰች፣ "ተጨባጭ ሁኔታ" የሚለውን ቃል ሳትጠራ ሽንኩርት እንኳ የማትገዛ ልጅ ነበረች። ሮም መጥታ በፓሪዮሊ የአንዲት ሲኞራ መንታ ልጆች ታሳድጋለች። የቤት ሠራተኛ ሁሉ የሚያርፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነውና፣ ሐሙስ ሐሙስ ቶር ፒኛታራ ተኽለብርሃን ቤት ይሰበሰባሉ። ተኽለብርሃን የአስመራ ሰው ነው፤ አማርኛውን ከትምህርት ቤት፣ ምላሱን ከእናቱ ያገኘ የጋራዥ ሠራተኛ። ጊዜው ደርግ የአሥረኛ ዓመቱን በዓል ሊደግስ አዲስ አበባን አጥር የሚያስቀባበት ጊዜ ነው። ሰው እዚያ ቤት የሚሄደው ከአገር ወሬ ሊሰማ፣ ስለ ወረቀቱ ሊመካከር፣ ትንሽ ሊስቅ ነው። ሄዶ የሚሰማው ግን ስለ ስኮትላንድ ነው።

"ፔርሜሶዬ ሊቃጠል ነው" ይላል አንዱ።

"ዋላስም ፔርሜሶ አልነበረውም" ይላሉ ጋሼ ማንደፍሮ።

"የቤት ኪራይ ጨመሩብኝ።"

"ዋላስ ጫካ ነበር የሚያድረው።"

"ጥርሴን አሞኛል።"

ጋሼ ማንደፍሮ ትንሽ ያስባሉ። እንግዲህ እዚህ ላይስ ተሸነፉ ሲባል፣ "ልብ በሉ" ይላሉ፣ "በዋላስ ዘመን የጥርስ ሐኪም አልነበረም።"

በተኽለብርሃን ልጅ ክርስትና ዕለት ያደረጉትን ማን ይረሳዋል? ላዛኛው ቀርቦ፣ ሰው ሁሉ ሊጎርስ ሲል፣ ክቡርነታቸው ተነሥተው ሹካውን ሁሉ ሰበሰቡ። ሹካው የእንግሊዝ ጦር ነው። ማንኪያው የስኮትላንድ ገበሬ ነው። ግሪሲኒ የሚሉት ያ ቀጭን ደረቅ ዳቦ ደግሞ በሁለት ብርጭቆ መካከል ተጋደመና የስተርሊንግ ድልድይ ሆነ።

"ልብ በሉ! ድልድዩ ጠባብ ነው። ጎን ለጎን ከሁለት ፈረሰኛ በላይ አያሳልፍም። ዋላስ ከኮረብታው ላይ ያያል። አይቸኩልም! ግማሹ እስኪሻገር ይጠብቃል። ግማሹ ሲሻገር..."

ተኽለብርሃን እጁን ሰደደና ድልድዩን አንሥቶ ቆረጠመው።

"አሎራ መምህር፣ እንግዲህ በምን ይሻገራሉ?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዙፋንም ደስ አላት፤ ዛሬ እንኳ ተቀይመው ይቀመጣሉ ብላ። እሳቸው ግን ፊታቸው እንደ ፋኖስ በራ። "ተሰበረ! ያኛውም ድልድይ እንዲሁ ነው የተሰበረው! ተኽለብርሃን፣ አንተ ለካ ታሪክ ታውቃለህ!" እንዲህ ያለ ሰው በምን ይሰደባል? ላዛኛው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጦርነቱ ቀጠለ።

ድሉን ለሰዓታት ይተርካሉ፤ በዓመቱ ፋልከርክ ላይ መሸነፉን ግን ውኃ እየጠጡ ያልፉታል። ከዚያ ሰውየው በገዛ አገሩ ሰው ተጠቁሞ ይያዛል፣ ለንደን ይወሰዳል፣ ለማሾፊያ የቅጠል አክሊል ይደፉበታል፣ ከሃዲ ነህ ይሉታል። እዚህ ሲደርሱ ጋሼ ማንደፍሮ ተቀምጠው አያወሩም። ብድግ ይላሉ። "ለንጉሣችሁ መቼ ማልሁና ነው የከዳሁት?" ካሉ በኋላ ጠረጴዛውን በቀኝ እጃቸው ይመቱታል። "ያልማለ አይከዳም!" ብርጭቆ ይዘላል። ዙፋን ይህን ሁሉ ሳትወድ በግዷ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ይዛዋለች። መንታዎቹን ስታጥብ እንኳ ያልማለ አይከዳም የሚለው ድንገት ከአፏ ይወጣና ራሷን ትሰድባለች።

ይህም ይቻል ነበር። የማይቻለው የሮም ነገር ነው። ዋላስ ከተሸነፈ በኋላ ባሕር ተሻግሮ ፈረንሳይ ሄዷል፤ የፈረንሳዩም ንጉሥ ሮም ላሉት ሰዎቹ "ይህን ሰው ከጳጳሱ ዘንድ በጉዳዩ እርዱት" ብሎ ጽፎለታል። እስከዚህ እውነት ነው። ሮም ይድረስ አይድረስ ግን የሚያውቅ የለም። ጋሼ ማንደፍሮ ግን ያውቃሉ።

"ሮም ገብቷል!"

"ማን አየው?" ትላለች ዙፋን።

"እኛንስ ማን አየን? ገብተን የለ?"

አንድ እሑድ እሷንና ተኽለብርሃንን ሳን ጆቫኒ ቤተ ክርስቲያን ወሰዷቸው። ጳጳሱ በዚያ ዘመን የሚኖሩት በዚያ ነበር አሉ። ከግንቡ ሥር አንድ ቦታ መርጠው፣ "እዚህ ጋ ነው የቆመው" ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ባዶውን ቦታ እጅ ነሡ። ሁለት ካራቢኔሪ፣ የጣልያን ፖሊሶች፣ መጡ።

"ዶኩሜንቲ!"

"የማንን?" አሉ ጋሼ ማንደፍሮ በጠራ ጣልያንኛ። "የእኔን ነው የእሱን?"

"የማንን የእሱን?"

ዙፋን ለምና፣ አሟቸዋል ብላ፣ ጭንቅላታቸውን በጣቷ እያመለከተች አስለቀቀቻቸው። የትራም ፌርማታው ጋ ሲደርሱ ፈነዳች። "አልገባም ጋሼ! ሰውየው ሮም አልገባም! እኛ በቁማችን መግቢያ አጥተን እርስዎ ሙት ያስገባሉ!"

"ገብቷል፣ ልጄ" አሉ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ። የሚቀጥለውን ሐሙስ ሰላም አላለቻቸውም።

ደግሞ ታስረዋል! በዋላስ! ይህን እሳቸው አያወሩትም፤ አብሯቸው ታስሮ የነበረ አንድ የደብረ ብርሃን ሰው በሮም ሲያልፍ ነው ያወራው። ጋሼ ማንደፍሮ ደብረ ብርሃን የታሪክ መምህር ነበሩ። በክፍል ውስጥ ስለ ዋላስ ሲያስተምሩ አንድ ካድሬ ሰማ።

"ይህ ዋላስ የምትለው የየትኛው ድርጅት አባል ነው?"

"የማንም አይደለም።"

"ተባባሪዎቹስ?"

"አንድሪው ሞሬይ የሚባል ነበረ። ቆስሎ ሞቷል።"

"የየት ቀበሌ?"

እንግዲህ በኅብረተሰባዊት ኢትዮጵያ፣ ሞሬይ የተባለ ፀረ ሕዝብ በየቀበሌው ተፈልጓል። አልተገኘም። ባለመገኘቱ የተቀጡት መምህሩ ናቸው። ሲፈቱ የፊት ጥርሳቸው የለም፤ የግራ እጃቸው ጣቶችም አልታጠፍ ብለው ቀሩ። ሳህኑን የሚያጥቡት በቀኙ ነው። ተኽለብርሃን፣ "በሰው አገር ሽፍታ የታሰረ ብቸኛው ሐበሻ!" እያለ ሲያስቅ፣ እሳቸው በመስኮት ትሬኒኖው፣ የሰፈሩ ትንሽ ባቡር፣ ሲያልፍ ያያሉ። ዙፋንም ትስቅ ነበር። በዚህስ ያልሳቀ በምን ይስቃል?

ሳቋ የቆመው የራሷ ጉዳይ በአንዲት ቃል ሲበላሽ ነው።

የዙፋንን አባት የወረዳው ሹም ሰዎች በደጃቸው ገደሏቸው። ወንድሟ አሰግድ የአባቱን ጠመንጃ አነሣና ሸፈተ። ሹሞቹ ዙፋንን፣ "ወንድምሽን አምጪ፣ አለዚያ አንቺ ትከፍያለሽ" ሲሏት በሱዳን በኩል ወጣች። ጣልያን በዚያ ዘመን ለአፍሪካ ሰው የስደተኛ ወረቀት አይሰጥም፤ ሮም ያለ አንድ ቢሮ ታሪክህን ይሰማና ካመነህ ካናዳ እንድትወስድህ ያመለክትልሃል፤ ካላመነህ ፔርሜሶህ ሲቃጠል ወደ መጣህበት ነው። ወደ መጣችበት ማለት ለዙፋን ወደ እነዚያ ሹሞች እጅ ማለት ነው።

ቀጠሮዋ ደረሰ። ዶቶረሳ ከሚሏት ጠያቂዋ ጎን ከረባቱን ያጠበቀ አስተርጓሚ ተቀምጧል።

"ወንድሜ ሸፍቶ ነው" አለች ዙፋን።

"ኢል ፍራቴሎ ፋ ኢል ባንዲቶ" አለ ባለ ከረባቱ ሳያንገራግር።

ባንዲቶ! ቀማኛ ማለቱ ነው። ሸፈተን የሚያህል ቃል፣ በደል ያነደደው፣ ዱር ያሳደረው፣ እናት የምታለቅስለትና የምትኮራበት ሰው፣ በአንድ ትንፋሽ ኪስ አውላቂ ሆኖ አረፈው። ይባስ ብሎ በጋይንት ጆሮ ከ"ባንዲቶ" ውስጥ የሚሰማው "ባንዳ" ብቻ ነው። የዙፋን አያት ጣልያንን ሲዋጉ የሞቱ ሰው ናቸው። ለእሷ ወንድም ባንዳ! ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ።

"ወንድሜ ባንዳ አይደለም! ባንዳ የእናንተ ነበር!"

ባለ ከረባቱ ይህንንም ተረጎመው፤ ባንዳ በጣልያንኛ የወሮበላ ጓድ ማለት ነውና፣ "ወንድሜ የወሮበላ ጓድ ውስጥ የለም፤ ወሮበሎቹ እናንተ ናችሁ ትላለች" አለ። ዶቶረሳዋ መነጽሯን አወለቀች። አንድ የመጨረሻ ቀጠሮ ይሰጥሻል፣ አስተርጓሚ ከፈለግሽ ራስሽ አምጪ፣ ከዚያ በኋላ ግን በሩ ተዘግቷል ተባለች።

ሐሙስ ተኽለብርሃን ቤት ተመከረ። ጣልያንኛ የሚያውቀው ሁሉ የቀጠሮው ቀን የሥራ ቀኑ ነው። "የእኔ ጣልያንኛ ከመኪና ሥር አይወጣም፤ ወንድሟን ካርቡራቶሬ ነው ብዬ እገላገላለሁ" አለ ተኽለብርሃን። ዓይን ሁሉ ወዴት እንደዞረ ታውቃላችሁ።

"ጋሼ፣ እሺ ይምጡልኝ" አለች ዙፋን ጥርሷን ነክሳ። "ግን አንድ ነገር ይማሉልኝ። እዚያ ቤት ውስጥ ዋላስን አያነሡም።"

"እኔ አልምልም።"

"ለምን?"

"የሚከዳ የማለ ነው።"

"ጋሼ! ሕይወቴ ነው እኮ!"

"ቃሌን ሰጥቼሻለሁ" አሉ። "ስሙን አላነሣም።"

"ሸፈተ ሲባል ፓርቲጃኖ ይበሏቸው" ሲል መከረ ተኽለብርሃን። "ፋሺስትን በጫካ የተዋጋ አርበኛ ማለት ነው፤ ጣልያን ፓርቲጃኖ ሲሉት ልቡ ይቀልጣል።"

በቀኑ ጋሼ ማንደፍሮ ተላጭተው፣ የትራቶሪያውን የአስተናጋጅ ጃኬት ተውሰው መጡ። ዙፋን ስለ አባቷ ተናገረች፤ ቃል ሳይጨምሩ ቃል ሳይቀንሱ ተረጎሙ። እንዲህ ያለ ቁጥብ አንደበት የት ደብቀውት ነበር ብላ ተናደደች። ወንድሜ ሸፈተ አለች። "ኤ ዲቬንታቶ ፓርቲጃኖ" አሉ።

ዶቶረሳዋ ቀና አለች። "ዲ ኳሌ ኦርጋኒዛዚዮኔ?"

የየትኛው ድርጅት? ዙፋንም ገባት፤ ይህን ያህል ጣልያንኛ አላት። ጋሼ ማንደፍሮ ግን አልተረጎሙም። ፊታቸው አመድ መሰለ። ቀኝ እጃቸው ተነሥቶ ያልታጠፉትን የግራ ጣቶች ጭብጥ አደረገ። ዶቶረሳዋ ደገመችላቸው። እሳቸውም ለጣልያኗ ሴት፣ በአማርኛ፣ ጣሪያውን እያዩ መለሱላት።

"የማንም አይደለም።"

ያን ጊዜ ዙፋን የት እንዳሉ አወቀች። ሮም አይደሉም። ደብረ ብርሃን ናቸው፤ ካድሬው ፊት ተቀምጠዋል፤ አሁንም ያንኑ መልስ እየመለሱ ነው። ተኽለብርሃን ቤት የሳቀችው ሳቅ ሁሉ ትዝ አላት። ደግሞ ተናደደች። በካድሬው፣ በባለ ከረባቱ፣ በዶቶረሳዋ፣ በራሷ። ከሁሉ ይልቅ በጋሼ ማንደፍሮ፤ እንዲህ ያለ ቁስል ይዘው ሰው እንዲስቅባቸው ሹካ ሲደረድሩ በመክረማቸው!

ወንበሯን ሳበች። "ጋሼ፣ ይተርጉሙ። ዊሊያም ዋላስ የሚባል የስኮትላንድ ሽፍታ ነበረ ይበሏት።"

ብንን አሉ። "ቃሌስ?"

"ቃል የሰጡት ለእኔ ነው። መልሼልዎታለሁ። ይተርጉሙ!"

ተረከችላት። የዶቶረሳዋን እርሳስ አንሥታ በሁለት መዝገብ መካከል አጋደመች፤ ድልድዩ ይህ ነው አለች። ማንም አልላከውም፣ ድርጅት አልነበረውም፣ የንጉሡ ሹም በደለውና ሹሙን ገድሎ ዱር ገባ አለች። "ሹሙን የገደለው ከድልድዩ በፊት ነው" አሉ ጋሼ ማንደፍሮ በአማርኛ ቀስ ብለው። "አውቃለሁ ጋሼ፣ አያቋርጡኝ!" ከሃዲ ሲሉት የመለሰው ላይ ስትደርስ ሳታውቀው ብድግ አለች። "ወንድሜም ለደርግ አልማለም። ያልማለ አይከዳም!" ጠረጴዛውን መታችው። እርሳሱ ወደቀ። ጋሼ ማንደፍሮ የመጨረሻውን ቃል በጣልያንኛ ሲሉት ድምፃቸው ተሰበረ።

"ይህ ሰው ለአቤቱታ ወደ ሮም ሲመጣም እንደ እኔ ወረቀቱን የሚያምንለት ፈልጎ ነው" ብላ ጨረሰች።

ዶቶረሳዋ የወደቀውን እርሳስ አነሣች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። ጋሼ ማንደፍሮ ወደ ዙፋን ዞሩ። እንደ ደንቡ ተረጎሙላት፣ ዓይናቸው ግን ዓይኗን ለቀቅ አላደረገም።

"ሮም ደርሶ ነበር ወይ ትልሻለች።"

"ገብቷል ይበሏት!" አለች ዙፋን።

ጋሼ ማንደፍሮ ተነፈሱ። "እሷ ገብቷል ትላለች" አሉ በጣልያንኛ። "በታሪክ ግን አይታወቅም።"

ደረጃው ላይ ያዘቻቸው። "ምን ነካዎት? ስንት ዘመን ገብቷል ገብቷል ሲሉ ከርመው፣ እኔ ተሸንፌ ገብቷል ስል አይታወቅም ይላሉ?"

"ልጄ፣ አንቺ እዚያ ምስክርነት ላይ ነበርሽ። ምስክርነት ላይ ያልታወቀውን ታውቋል ካልን የታወቀውንም አያምኑንም።" ባርኔጣቸውን ደፉ። "ሐሙስ ሌላ ነው።"

ቢሮው አመነ። በቃለ ጉባኤው ላይ ባንዲቶ ተሰርዞ፣ ፓርቲጃኖም ቀርቶ፣ "ሽፍታ" የሚለው ቃል እንዳለ በላቲን ፊደል ገባ፤ ከጎኑም "ያልማለለትን መንግሥት አልገዛም ያለ ሰው" ተብሎ ተፈታ። ካናዳ ተቀበለቻት። አሰግድ የት እንዳለ ወሬው የለም። ከመሄዷ በፊት በነበረው ሐሙስ ጋሼ ማንደፍሮ ሹካ ሲሰበስቡ የመጀመሪያውን ሹካ ያቀበለቻቸው ዙፋን ነበረች። ተኽለብርሃንም ድልድዩን የበላው በሰዓቱ፣ ግማሹ ጦር ሲሻገር ነው።

አሁን እንግዲህ አድማጭ አንሷቸዋል። የሚያቋርጣቸው፣ አልገባም ብሎ የሚጮህባቸው የለም፤ ይህም ያስቆጣል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ እግር ጥሎህ ሮም ብትመጣ ትሬኒኖውን ያዝና ቶር ፒኛታራ ውረድ። ሹካህን ቢነጥቁህ ስጣቸው። ግሪሲኒውን አትንካ፤ ባለቤት አለው። ታሪክ አንብበህ፣ ሰነድ አገላብጠህ የምታውቅ ብትሆንም፣ አንድ ጥርሰ ጎደሎ ሽማግሌ ዓይን ዓይንህን እያዩ "ሮም ገብቷል፣ አይደለም?" ሲሉህ፣ ቀኑ ሐሙስ መሆኑን አስታውስና፣ እባክህን...